የተሳደበ ሰው ሐሳቡም አብሮ ይጣል?

ከደብረ ብርሃን፦
ሰሞኑን ስለ ባሕር ዛፍ ስንከራከር ሰነበትን። የገብስ ማሳ ላይ ይተከል ወይስ ይከልከል? አንዱ «አጣና ሸጬ ነው ማዳበሪያ የምገዛው፤ ቅጠሉንና ጭራሮውን ስለምናነድ ኩበቱ ለመሬቱ ይተርፋል» አለ። ሌላው «ሥሩ ጎረቤት ማሳ ገብቶ እህል ያቀጭጫል» ብሎ መለሰ። ደስ የሚል ክርክር ነበር። ከዚያ ዛፉን የሚቃወም አንድ የተማረ ነኝ ባይ አጣና ሻጩን «አንተ ፊደል ያልቆጠርክ፣ ምን ታውቃለህ?» አለው። ከዚያ ወዲያ ስለ ዛፉ ያወራ የለም። ስለዚህ የኔ አቋም፦ የሚሳደብ ሰው ሐሳቡም አይሰማ።

ከመሐል ሜዳ፦
በዚህ አልስማማም ወንድሜ። ዛፉ እህል የሚያቀጭጭ ከሆነ፣ ተናጋሪው ባለጌ ስለሆነ ማቀጨጩን አይተውም። ሐሳብን በተናጋሪው ጠባይ ከጣልነው፣ ተሳዳቢው የሠራውን ነው የደገምነው። እሱም እኮ ያየው ሰውየውን እንጂ ነገሩን አይደለም።
ደግሞስ አባቶቻችን በበላ ልበልሃ ችሎት ሲሟገቱ መች ለስላሳ ነበሩ? «ተጠየቅ!» ብሎ ተነስቶ፣ ማርና በቅሎ እየተወራረደ፣ ባላጋራውን በግጥም ይሸነቁጠው ነበር።

ከአንኮበር፦
ልክ ነህ ልጄ፣ ግን አንድ ነገር ዘለልክ። እዚያ ዳኛ መሐል ተቀምጧል። ተሟጋቹ የቱንም ያህል ቢያሳምር «ምስክርህን ጥራ» ይባላል። እኛ ዘንድ ሽሙጡ ብቻ ቀረ፣ ምስክሩ ጠፋ። አሁን የሚያሸንፈው ብዙ ሰው ያሳቀ ነው።

ከሸዋ ሮቢት፦
ሕግ አለ አይደል? የጥላቻ ንግግር አዋጁ፣ 1185/2012።

ከመሐል ሜዳ፦
እሱ ሰውን በብሔሩ፣ በሃይማኖቱ፣ በጾታው፣ በአካል ጉዳቱ ለይቶ የሚያጠቃ ንግግር ላይ ነው። «መሃይም» ላለ ሁሉ አይመጣም።

ከጣርማ በር፦
ወንድሞቼ፣ ስድቡ ላይ ብቻ ተረባረባችሁ። እኔን የሚያመኝ በጨዋ አፍ የሚመጣው ነው። ከቤታችን በላይ ባሕር ዛፍ ከተተከለ በኋላ ምንጫችን በጋ ላይ መድረቅ ጀመረ ስል፣ የተሰጠኝ መልስ «ስሜታዊ አትሁኚ፣ በምክንያት እናውራ፣ ጥናት አለሽ?» የሚል ነው። ስድብ የለበትም። ግን አፌን አዘጋኝ። ምክንያት የሚወድ ሰው ይጠይቀኝ ነበር፦ ከመተከሉ በፊት በጋውን ሙሉ ይፈስ ነበር? ዝናቡስ በዚያው ዓመት ቀንሶ ነበር? አጠገቡ ያለው ምንጭስ? አንዱንም አልጠየቀኝም። ውኃ የምቀዳው እኔ፣ ስለ ውኃው አዋቂው እሱ።

ከደብረ ብርሃን፦
እህቴ፣ ማስረጃ መጠየቁ ግን ነውር አይደለም። ዝናቡ ቢሆንስ ያደረቀው?

ከጣርማ በር፦
ሊሆን ይችላል። ጠይቁኝ፣ ደስ ይለኛል። ጠይቆ ሳይሰሙ መሄድ ነው ነውሩ።

ከአንኮበር፦
እንግዲያው እኔ ልጠይቅሽ ልጄ። ዛፉ ሲቆረጥ ምንጩ ተመለሰ?

ከጣርማ በር፦
ጋሼ፣ ይቆረጣል እንጂ መች ተነቅሎ ያውቃል። ጉቶው መልሶ ያቆጠቁጣል። ስለዚህ እሱን አላየንም። ግን እዚያው ተዳፋት ላይ፣ ዛፍ ያልተተከለበት ሌላ ምንጭ አለ። ዝናቡ ያው አንድ ዝናብ ነው። እሱ በበጋም አይደርቅም። በሉ እዚህ ላይ ተከራከሩኝ።