ተረከዜ ውሃ ቋጠረ፤ ረጅሙ ጉዞ ሊደርስ 3 ሳምንት ቀርቶታል

እግረ ቀጭኗ፦
ሰላም ለሁላችሁ። በቀን 25 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ ለ5 ቀን በእግር ልንጓዝ ነው። ቅዳሜ ለሙከራ 18 ኪሎ ሜትር ስሄድ 11ኛው ላይ ግራ ተረከዜን ያቃጥለኝ ጀመር። ጓደኞቼን ላለማስቆም ዝም ብዬ ቀጠልኩ። ቤት ገብቼ ካልሲዬን ሳወልቅ የአውራ ጣት ጥፍር የሚያህል ውሃ ቋጥሯል። ቁልቁለቱ ላይ ደግሞ ጣቶቼ ከጫማው ጫፍ ጋር ሲጋጩ ውለው እስካሁን ያሙኛል። ጫማው አዲስ ነው፣ ቁጥሩ የሁልጊዜው ቁጥሬ፣ ካልሲው ጥጥ። ላፍርጠው? ጫማውንስ ልቀይረው?

ዳገት ወዳድ፦
እህቴ፣ ነገሩ የተበላሸው «ዝም ብዬ ቀጠልኩ» ያልሽው ላይ ነው። ማቃጠል ሲጀምርሽ እዚያው ቆመሽ፣ እግርሽን አድርቀሽ ፕላስተር ብትለጥፊበት ምናልባት ውሃም ባልቋጠረ። ጓደኞችሽ 5 ደቂቃ ይጠብቁሽ፤ በኋላ እያነከስሽ ግማሽ ቀን ከምታስጠብቂያቸው ይሻላል። የፕላስተሩን ማዕዘኖች በመቀስ ክብ አድርጊያቸው፤ ሹል ከሆኑ ካልሲው እየያዘ ያነሳቸዋል። ተጨማዶ ከተለጠፈም ራሱ ይልጥሻል።

ነርሷ፦
ካላሳመመሽ አትንኪው። የላዩ ቆዳ ከየትኛውም ፋሻ የተሻለ ሽፋን ነው። ተወጥሮ መራመድ ከከለከለሽ ግን እጅሽንና ቦታውን በሳሙና ታጠቢ፣ መርፌውን በአልኮል ጥረጊ፣ ከጠርዙ በኩል ወጋ አድርገሽ ውሃውን በቀስታ አፍስሺው። ቆዳውን እንዳትልጪው! ቫዝሊን ቀብተሽ በንጹህ ጎዝ ሸፍኚው። መግል ከያዘ፣ መቅላቱ እየሰፋ ከሄደ ወይም ካተኮሰሽ ሐኪም ዘንድ ሂጂ። ስኳር ያለበት ሰው ደግሞ ጭራሽ በራሱ እንዳያፈርጥ።

ቁጥር ጨምሩ፦
ብዙ ሲሄዱ እግር ያብጣል፤ የሁልጊዜው ቁጥር የሚጠበውም ለዚህ ነው። ጫማ ከሰዓት በኋላ፣ የምትጓዢበትን ካልሲ አድርገሽ ለኪ። ስትቆሚ ከረጅሙ ጣትሽ ፊት የአውራ ጣት ስፋት ያህል ቦታ ይትረፍ፤ ተረከዝሽ ግን አይንሸራተት። ብዙ ጫማዎች ላይ ከላይ ጫፍ፣ በየጎኑ አንድ ትርፍ የክር ቀዳዳ አለ፣ ማንም አይነካውም። ክሩን እዚያው ጎን ላይ ባለው ቀዳዳ መልሰሽ አስገቢና ትንሽ ቀለበት ይሁን፤ የአንዱን ጎን ጫፍ በሌላው ቀለበት አሳልፈሽ ሳብ አድርገሽ እሰሪ። ቁልቁለት ላይ እግርሽ ወደ ፊት አይሄድም። ጥፍርሽንም ቀጥ አድርገሽ ቁረጪ። ጥጥ ካልሲውን ለቤት ተዪው፣ ላብ ይዞ ይቀራል፤ ሱፍ ወይም ፖሊስተር ይሻላል።

እግረ ቀጭኗ፦
ቆሜ ለካሁት፣ ትንሿ ጣቴም አትገባም! አዲስ ብገዛ በ3 ሳምንት እለምደዋለሁ?

ዳገት ወዳድ፦
ይበቃሻል፤ ግን መጀመሪያ ቁስሉ ይዳን። በ4 እና 5 ኪሎ ሜትር ጀምሪ፣ ቀስ በቀስ ጨምሪ፣ አንዴ ደግሞ ሙሉ ሻንጣሽን ተሸክመሽ ሞክሪው። በጉዞው ላይ እረፍት ባደረጋችሁ ቁጥር ጫማሽን አውልቂ፤ እርጥብ ካልሲሽን ቀይረሽ ሻንጣው ላይ አስጪው። ያስቃል፣ ግን ይደርቃል።