ከሌሊት ፈረቃ ወጥቼ ተመርምሬ ክሬቲኒን 1.4 አሉኝ፤ ኩላሊቴን ያደከመው እንቅልፍ ማጣት ነው?

ጠያቂ (የጥልቁ ሠራተኛ)፦
ሰላም ለሁላችሁ። ማዕድን ቆፋሪ ነኝ፣ ዕድሜዬ 34። አንዱን ሳምንት ቀን፣ ቀጣዩን ሌሊት እንገባለን። የሌሊት ተረኛ ስሆን ቀን ላይ ከ4 ሰዓት በላይ እንቅልፍ አይወስደኝም። ለወገቤ ሕመም ዳይክሎፌናክ የሚባል ማስታገሻ እውጣለሁ። ሰሞኑን ከጉድጓድ እንደወጣሁ ደም ሰጥቼ ክሬቲኒን (ከጡንቻ የሚመጣ፣ ኩላሊት ከደም የሚያጣራው ቆሻሻ) 1.4 መጣ። ሥራውን ልተው?

ሲስተር ማ፦
ወንድሜ፣ በአንድ ውጤት ሥራ አይለቀቅም። በአንተ ዕድሜ 1.4 ማለት የኩላሊትህ ደም የማጣራት አቅም በደቂቃ 67 ሚሊ ሊትር አካባቢ ነው። ሌሊቱን ሙሉ ላብ ያፈሰሰና ጡንቻውን ያደከመ ሰው ደግሞ ክሬቲኒኑ ለጊዜው ከፍ ሊል ይችላል። ሁለት ቀን አርፈህ፣ በደንብ ጠጥተህ፣ በዋዜማው ሥጋ ሳታበዛ ድገመው። የሽንት አልቡሚንም (ወደ ሽንት የሚያመልጥ ፕሮቲን) ይታይልህ ብለህ ጠይቅ፤ ብዙ ቦታ ይዘለላል፣ ጉዳትን ግን ብዙ ጊዜ ቀድሞ የሚያሳየው እሱ ነው። ሥር የሰደደ የኩላሊት ሕመም የሚባለው አቅሙ ከ60 በታች ሲሆን ወይም አልቡሚን ሲታይና ይህ ከ3 ወር በላይ ሲቆይ ነው።

ስለ እንቅልፉ፦ ስንተኛ የደም ግፊታችን ከ10 እስከ 20 በመቶ ይወርዳል። ሌሊት የሚሠራና ቀን በቅጡ የማይተኛ ሰው ይህ ይጓደልበታል፤ ከፍ ያለ ግፊት ደግሞ ኩላሊትን ቀስ በቀስ ይበላል። ስለዚህ ግፊትህን ተለካ። የምታንኮራፋና ትንፋሽህ የሚቋረጥ ከሆነም ለሐኪሙ ንገረው።

የድሮ ቆፋሪ፦
እኔን ያሳሰበኝ ዳይክሎፌናኩ ነው። ውሃ በጎደለው ሰውነት ላይ ወደ ኩላሊት የሚሄደውን ደም ይቀንሳል፤ አይቡፕሮፌንም ያው ነው። ለወገብህ ሌላ መላ ሐኪም ይፈልግልህ። ሙቀት ውስጥ በየ15 እስከ 20 ደቂቃው አንድ ብርጭቆ ውሃ ጠጣ፣ ጥም እስኪይዝህ አትጠብቅ። በሰዓት ከአንድ ሊትር ተኩል አታሳልፍ፤ ከልክ ያለፈ ውሃም የደምህን ጨው ያቀጥናል።

ጠያቂ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ሚስቴ ታንኮራፋለህ ትለኛለች። ቀን እንቅልፍ እንዲወስደኝስ?

የደኅንነት ክፍል፦
ክፍሉን አጨልም፣ ስልክህን አጥፋ፣ ከፈረቃው አጋማሽ በኋላ ቡናም ሆነ ኢነርጂ መጠጥ ይቅርብህ። ለሐኪሙ ምን ማዕድን እንደምታወጡ ንገረው፤ የሲሊካ አቧራ፣ እርሳስ፣ ካድሚየምና ሜርኩሪ ኩላሊት ይጎዳሉ፣ ካልነገርከው ላይጠረጥር ይችላል።

ሲስተር ማ፦
ከፈረቃ በኋላ ሽንትህ እንደ ወፍራም ሻይ ከጠቆረ ወይም ከጠፋ ግን ቀጠሮ አትጠብቅ፤ ያኑ ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ሂድ።