ኤንኤስጂው ፖርት 22ን ፈቅዷል፣ ቪኤሙ ግን አያስገባኝም

ጀማሪ_ክላውድ፦
ሰላም ለሁላችሁ። አዙር (የማይክሮሶፍት ክላውድ) ላይ አንድ ኡቡንቱ ቪኤም (ቨርቹዋል ማሽን) አለኝ። በኤስኤስኤች (በፖርት 22 ከርቀት መግቢያው) ልገባ ስል ዝም ብሎ ይቆይና ታይም አውት ይላል። ፖርታሉን አልወድም፤ በኔ ኢንተርኔት ገጹ እስኪከፈት ቡና ተፈልቶ አቦል ይጠጣል። ስለዚህ ሁሉን በሲኤልአይ (ትእዛዝ እየጻፍኩ) ነው የምሠራው። ኤንኤስጂውን (ትራፊክ የሚፈቅደውንና የሚከለክለውን የሕግ ስብስብ) ለማየት «ኤዜድ ኔትወርክ ኤንኤስጂ ሩል ሊስት» ስለው የሚያወጣው አንድ ሕግ ብቻ ነው፦ ፖርት 22፣ ፕራዮሪቲ 300፣ አላው። የሚከለክል ነገር አይታየኝም። ታዲያ ማነው የዘጋኝ?

ተርሚናሉ፦
ያ ትእዛዝ ዲፎልት ሕጎችን (አዙር ራሱ የሚጨምራቸውን) ይደብቃል። መጨረሻው ላይ «ኢንክሉድ-ዲፎልት» ጨምርበት። 65000፣ 65001 እና 65500 ይወጡልሃል። 65500ው ያልተፈቀደለትን ገቢ ሁሉ ይዘጋል።

የሰርቨር_እናት፦
ልክ ነው፣ ግን ትንሹ ቁጥር ስለሚቀድም እዚያ ኤንኤስጂ ላይ 300ው ያስገባዋል። የኔ ልጅ፣ አንተ ያየኸው አንዱን ብቻ ነው። ኤንኤስጂ የቪኤሙ ኔትወርክ ካርድ ላይም ሳብኔቱ (ቪኤሙ ያለበት የኔትወርክ ክፍል) ላይም ሊታሰር ይችላል። ለገቢ ትራፊክ መጀመሪያ የሳብኔቱ ይታያል፣ ከዚያ የካርዱ። አንዱ እንኳ ከከለከለህ አትገባም። «ኤዜድ ኔትወርክ ኒክ ሊስት-ኢፌክቲቭ-ኤንኤስጂ» በልና የካርዱን ስም እና ሪሶርስ ግሩፑን ስጠው። ቪኤሙ የበራ መሆን አለበት፣ ከጠፋ አይሠራም። የሚመጣው የጄሰን ጽሑፍ ረጅም ነው፤ አትደንግጥ፣ «አሶሲዬሽን» የሚለውን ፈልግ። ሕጉ ከሳብኔት ይሁን ከካርድ እዚያ ይነግርሃል።

ማንበብ ከሰለቸህ «ኤዜድ ኔትወርክ ዋቸር ቴስት-አይፒ-ፍሎው» አለ። ፈቀደ ወይም ከለከለ ብሎ የሕጉን ስም ይጠራልሃል። እኔ በበኩሌ ከሱ ነው የምጀምረው። «ሎካል» ላይ የቪኤሙን የውስጥ አይፒ አስገባ፣ ፐብሊኩን እንዳትሰጠው።

ጀማሪ_ክላውድ፦
ተገኘ! ሳብኔቱ ላይ ሌላ ኤንኤስጂ አለ፤ 443ን ብቻ ነው የሚፈቅደው። 22ን የሚዘጋው 65500ው ነው ለካ፣ ግን የሳብኔቱ። አሁን እዚያም 22ን ልክፈት?

ተርሚናሉ፦
ሃሃ፣ እኔም ግማሹን አግኝቼ ነበር።

የሰርቨር_እናት፦
ክፈት፣ ግን ሶርሱን (ትራፊኩ የሚመጣበትን) ኮከብ (ከየትም) እንዳታደርገው፤ የራስህን አይፒ ብቻ ስጠው። መድረሻውንም በዚህ ቪኤም የውስጥ አይፒ ወስነው፣ ሳብኔቱ ላይ ሌሎች ማሽኖችም ይኖራሉ። ከዚያ በኋላም እምቢ ካለህ ጥፋቱ ቪኤሙ ውስጥ ሊሆን ይችላል። «ኤዜድ ቪኤም ራን-ኮማንድ ኢንቮክ» በኤስኤስኤች ሳትገባ የዩኤፍደብልዩን (የኡቡንቱን ፋየርዎል) ስታተስ ያሳይሃል።