ያገኘኋትን ትንሽ ውሻ ለማን ልስጣት? (ጥያቄና መልስ)

ጥያቄ፦ ከየካ አባዶ

ሰላም ለሁላችሁ። የምኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ተከራይቼ ነው። ከብሎካችን ጀርባ ቦይ አጠገብ ዝናብ የመታት ትንሽ ሴት ውሻ አግኝቼ ቤት አስገብቻታለሁ። ነጭ ናት፣ ፀጉሯ ረዥም ነው። የሰፈር ውሻ አትመስልም፤ አንገቷ ላይ የማሰሪያ ምልክት አለ። መዥገር ወርሯታል፣ ጆሮዋን ታካለች። የሰጠኋትን ግን ትበላለች። ልጆቼ ቡቺ ብለዋታል።

አከራዬ ውሻ አይፈልጉም፤ እስከ ወሩ መጨረሻ ሊታገሱኝ ተስማምተዋል። "ለኔ ስጪኝ" የሚለኝ ሰው ደግሞ በዝቷል። ማንን ልመን? እኔ ጋ እስካለችስ ምን ላድርግላት? ፍልሰታ ስለሆነ ቤት ውስጥ ሥጋም ወተትም የለም።

መልስ፦ ከሰበታ

እህቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥሽ። እኔ ለዓመታት እንዲህ ያሉ ውሾችን እያቆየሁ ለሰው ሰጥቻለሁ። በመጀመሪያ ባለቤቷን ፈልጊ። አንገቷ ላይ ምልክት ካለ ቤት ነበራት ማለት ነው። ለጥበቃዎች፣ ለባለሱቁ፣ ባጃጅ ተራ ላሉት ልጆች ንገሪ። ክረምት ላይ መብረቅ አስደንግጧቸው ከግቢ ወጥተው የሚጠፉ ብዙ ናቸው።

ፎቶዋን ስትለጥፊ ሁሉንም አታሳዪ። አንድ ምልክት ለራስሽ ያዢ፣ ለምሳሌ ሆዷ ላይ ያለ ነጥብ። "የኔ ናት" ለሚልሽ ሰው ምልክቷን ጠይቂው፤ የድሮ ፎቶዋንም ያሳይሽ።

ይህን የምልሽ በምክንያት ነው። ፀጉራም ትንሽ ውሻ ገንዘብ ታወጣለች። በነፃ ወስዶ በማግሥቱ የሚሸጥ አለ። ሴት ስለሆነች ደግሞ እያስወለደ ቡችሎቿን ሊሸጥ የሚፈልጋት አይጠፋም። ስለዚህ "ዛሬውኑ ልውሰዳት" ለሚል ሰው አትስጪ። ውሻ የሚወድ ሰው አንድ ሳምንት መጠበቅ አያቅተውም።

መልስ፦ የእንስሳት ሐኪም ነኝ፣ ከሱሉልታ

ዋናው ነገር የእብድ ውሻ በሽታ ነው። ክትባቱ ከ3 ወር ዕድሜ ጀምሮ ይሰጣል። ታሪኳን ስለማናውቅ ዛሬ ብትከተብም ወዲያው ተጠበቀች ማለት አይደለም። ቫይረሱ ቀድሞ ገብቶባት ከሆነ ምልክቱ እስኪታይ ሳምንታት፣ አንዳንዴም ወራት ይፈጃል። ልጆቹ ፊታቸውን እንዳያስልሱ፣ ምግቧን ስትበላ እንዳይነኳት። ጠባይዋ በድንገት ከተለወጠ፣ ምራቋ ከተዝረበረበ፣ መዋጥ ካቃታት ለይታችሁ ዝጉባትና ሐኪም ጥሩ።

ሰው ከነከሰች ወይም ከቧጨረች ቁስሉን ለ15 ደቂቃ በውሃና በሳሙና እጠቡት። በዚያው ቀን ወደ ጤና ተቋም ሂዱ። ውሻዋን አትግደሏት፣ አታባሯትም፤ ለ10 ቀን ለይታችሁ ተከታተሏት። "እስኪ የሷን እንይ" ብላችሁ ግን የሰውየውን ክትባት እንዳታዘገዩ።

ለመዥገሩ የከብት መድኃኒት ገዝተሽ በግምት አትስጪ። ለበሬ የተዘጋጀ ኢቨርሜክቲን ለእንዲህ ያለች ትንሽ ውሻ መጠኑ ትንሽ ከተሳሳተ ሊገድላት ይችላል። ተመዝና ነው መድኃኒት የሚሰጣት። ፓራሲታሞልና አይቡፕሮፌንም አይሆኗትም። ጆሮዋም በደንብ ይታይ፤ ጥጥ ወደ ውስጥ አትክተቺ።

ስለ ምግብ፦ ሩዝና የተቀቀለ እንቁላል ይበቃታል። ጨው አታድርጊበት። ባዶ እንጀራ ቢሆን ችግር የለውም፤ ወጥ የነካው ፍርፋሪ ግን አይሆንም። ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የውሻን ቀይ የደም ሴል ይጎዳሉ፣ የኛ ወጥ ደግሞ ያለ እነሱ አይሠራም። የበሰለ የዶሮ አጥንትም ይሰነጠቅና አንጀት ይወጋል።

ፍልሰታ ሲፈታ በየቤቱ በግ ይታረዳል፣ ቀጥሎ ደግሞ እንቁጣጣሽ ነው። ያን ጊዜ ጥሬ ጉበትና ሳንባ ማንም እንዳይወረውርላት። ሳንባው ላይ ውሃ የቋጠረ እብጠት ካየሽ የኮሶ ትል ዘመድ የሆነ ተባይ ነው። ውሻዋ ስትበላው ሆዷ ውስጥ ያድጋል፣ እንቁላሉ ከሰገራዋ ወደ ሰው ይተላለፋል፣ በሰው ጉበትና ሳንባ ላይም እንዲሁ ያብጣል። በዓል በመጣ ቁጥር የማየው ነገር ስለሆነ ነው አጥብቄ የምናገረው። የትል መድኃኒቷን አስወስጃት፤ ሰገራዋን ካነሳሽ በኋላ እጅሽን ታጠቢ።

መልስ፦ ከለገጣፎ

ልጄ፣ እኔ ሰፊ ግቢ አለኝ። ጠባቂ ውሻዬ ሞቶብኛል። አምጪልኝ፣ በር ላይ አስሬ አሳድጋታለሁ።

መልስ፦ ከሰበታ

ጋሼ፣ አክብሮቴ እንዳለ ሆኖ፣ ይህች ለጥበቃ አትሆንም። ለገጣፎ ሌሊቱ ብርድ ነው፣ ጅብም እስከ አጥር ይመጣል። እንዲህ ያለች ትንሽ ውሻ ታስራ ካደረች ማምለጥ አትችልም። ለእርስዎ ትልልቅና ጤነኛ የሰፈር ውሾች አሉ፤ ተከትቦ የሚመጣ ወንድ እፈልግልዎታለሁ።

መልስ፦ ከለገጣፎ

እውነትሽን ነው ልጄ። ጅቡን አላሰብኩትም። እጠብቃለሁ።

መልስ፦ ከኮዬ ፈቼ

እኔ ሙስሊም ነኝ። ውሻ ቤቴ ውስጥ አላስገባም፣ ግን እንስሳን ማብላትና ማጠጣት ምንዳ አለው። አከራይሽንና ጎረቤቶችሽን አስቀድመሽ አነጋግሪ። ደረጃ ላይ ብታቆሽሽ ወዲያው አጽጂ፣ ስታወርጂያት በማሰሪያ ይሁን። የኮንዶሚኒየም ጎረቤት የሚከፋው በውሻው መኖር ብቻ አይደለም፤ ሳይነገረው ሲቀር ነው።

ጥያቄ፦ ከየካ አባዶ

ሁላችሁንም አመሰግናለሁ። ባለቤት ነኝ ያለ ሰው እስካሁን የለም። አሁን የሚፈልጓት ሁለት ናቸው። አንዱ ወጣት ልጅ ነው፣ ቤትህን አሳየኝ ስለው "ምን አስፈለገ፣ መንገድ ላይ እንገናኝ" ይላል። ሌሎቹ ጡረታ የወጡ ባልና ሚስት ናቸው፤ ልጆቻቸው ራቅ ብለው ነው የሚኖሩት። ለኔ ሁለተኛዎቹ ይሻላሉ፣ ግን ዕድሜያቸው ያሳስበኛል።

መልስ፦ ከሰበታ

ቤቱን የማያሳይ ሰው አበቃ፣ አትስጪው። ለባልና ሚስቱ ዕድሜያቸው እንቅፋት አይሆንም። ትንሽ ውሻ ብዙ መሮጥ አትፈልግም፣ ቀኑን ሙሉ ቤት የሚውል ሰው ደግሞ ይስማማታል። ሄደሽ እያቸው። የት እንደምታድር ጠይቂ። አጥሩ ሥር ክፍተት እንዳለው እዪ። ለክትባቷ ማን እንደሚከፍል ንገሪያቸው፤ በየዓመቱ የሚደገም ነው። ቢታመሙ ወይም ልጆቻቸው ጋ ቢሄዱ ማን እንደሚይዛት አሁኑኑ ይወስኑ። ካልሆነላቸው ለሌላ ሰው ከመስጠታቸው በፊት ላንቺ እንዲደውሉ ተስማሙ።

ደግሞ ከመስጠትሽ በፊት እንዳትወልድ ስለማምከን ሐኪሙን አነጋግሪ፤ ዋጋውን ከነሱ ጋር መካፈል ትችላላችሁ። ስታስረክቢ የክትባት ካርዷን፣ የለመደችውን ጨርቅና የለመደችውን ምግብ አብረሽ ስጪ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት በሩን ይጠብቁ፤ አዲስ ቤት የገባች ውሻ የምትጠፋው ያን ጊዜ ነው።