መስተዋድድን ለትንንሽ ልጆች ስለማስተማር፦ ለማኅበራችን የጋራ ምክረ ሐሳብ የተከፈተ የዕቅድ ውይይት

የውይይቱ አስተባባሪ፦

የተከበራችሁ አባላት፣ በጉባኤያችን እንደተስማማነው ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ክፍል ለሚማሩ ልጆች መስተዋድድ እንዴት ሊሰጥ እንደሚገባ የሚያሳይ የጋራ ምክረ ሐሳብ አዘጋጅተን ለመማሪያ መጻሕፍት አዘጋጆች እናቀርባለን። ረቂቁን የማቀናጀቱ ሥራ ለእኔ ስለተሰጠ መነሻውን አስቀምጣለሁ፤ እያንዳንዳችሁ የሚታረመውን አርማችሁ፣ የጎደለውን ጨምራችሁ እንድትመልሱልኝ በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ለዚህ ሥራ ያነሣሣኝ አንድ የፈተና ጥያቄ ነው። የሁለተኛ ክፍል ልጆች «ልጁ ____ ቤት መጣ» የሚለውን ዐረፍተ ነገር በተገቢው መስተዋድድ እንዲያሟሉ ተጠይቀው ነበር። የሚጠበቀው መልስ «ወደ» ስለነበረ «ከ» ብላ የጻፈች ልጅ ነጥብ አጣች፤ «እስከ» ያለውም እንዲሁ። ሦስቱም ግን ትክክለኛ አማርኛ ናቸው፤ ሰው ከቤትም፣ ወደ ቤትም፣ እስከ ቤትም ይመጣል። ልጅቷ ቋንቋዋን ታውቃለች፤ ጥያቄው ግን ከሦስቱ የትኛው እንደሚፈለግ የሚጠቁም አንድም ነገር አልያዘም። እንዲህ ያለው ጥያቄ የሚመጣው መስተዋድድን እንደ ስም ዝርዝር ከማየት ነው፦ በ፣ ከ፣ ለ፣ ወደ፣ እስከ፣ ስለ እና እንደ በሰሌዳ ላይ ይጻፋሉ፣ ልጆቹ በኅብረት ይደግሟቸዋል፣ በማግስቱ ባዶ ቦታ ይሞላል። ስለዚህ ትምህርቱ በአካልና በዕቃ ተጀምሮ፣ በሥዕል አልፎ፣ ወደ ጽሑፍ እንዲደርስ ሐሳብ አቀርባለሁ።

የአንደኛ ክፍል መምህርት፦

በቅደም ተከተሉ እስማማለሁ፤ ነገር ግን «በዕቃ» ብሎ ማለፉ አይበቃም። ዕቃው በምን ሁኔታ እንደሚቀመጥ ካልተጻፈ መምህሩ እኔ ለረጅም ጊዜ የተሳሳትሁትን ይሳሳታል ብዬ እሰጋለሁ።

ኩባያና ጠጠር ይዤ ክፍል እገባ ነበር። «ጠጠሩን ኩባያው ውስጥ አድርጉ» ስል ሁሉም ያደርጋሉ፤ እኔም «ውስጥ» የሚለውን ቃል ዐወቁ ብዬ ወደሚቀጥለው እሻገር ነበር። አንድ ቀን፣ የአፍ መፍቻ ቋንቋዋ አማርኛ ያልሆነና ትምህርት ከጀመረች ገና ጥቂት ሳምንታት የሆናት አንዲት ልጅ ወደ ጠረጴዛዬ ጠርቼ «ጠጠሩን ኩባያው ሥር አድርጊው» አልኋት። ኩባያው ቀጥ ብሎ ቆሟል። ጠጠሩን ያለ ምንም ማመንታት ውስጡ ጣለችውና ቀና ብላ አየችኝ። ኩባያውን ገልብጬ ያንኑ ትእዛዝ ስደግምላት ደግሞ ጠጠሩን በተገለበጠው ኩባያ አናት ላይ በጥንቃቄ አስቀመጠችው። ልጅቷ የምትታዘዘው ቃሌን ሳይሆን ኩባያውን እንደነበረ የገባኝ ያን ጊዜ ነው፤ አፉ ክፍት የሆነ ዕቃ ስታይ ትከታለች፣ ጠፍጣፋ ነገር ስታይ ታስቀምጥበታለች። ታዲያ ከዚያ በፊት በትክክል ያደረጉልኝ ልጆች ሁሉ ቃሉን ሰምተው ይሁን ዕቃውን አይተው ምን ዐውቄ?

ከዚያ ወዲህ ባዶ ካርቶን በጎኑ አስተኝቼ፣ በሁለት መጻሕፍት ላይ ከፍ አድርጌ እጠቀማለሁ። እንዲህ የተቀመጠ ካርቶን ጠጠሩን ውስጡም፣ ላዩም፣ ሥሩም፣ አጠገቡም፣ ኋላውም ይቀበላል፤ የትኛው እንደተፈለገ የሚለየው ቃሉ ብቻ ይሆናል። በምክረ ሐሳባችን እንዲሰፍር የምፈልገውም ይኸው ነው፦ ማንኛውም ተግባር ቢያንስ ሁለት ቦታ የሚቻልበት ይሁን፣ ልጁ ቃሉን ሳይሰማ ሊገምተው የሚችለው ትእዛዝ እንደ ልምምድም እንደ ምዘናም አይቆጠር።

የሥነ ልሳን ባለሙያ፦

መምህርቷ ያስተዋሉት በምርምርም የታወቀ ነው። ኢቭ ክላርክ እ.ኤ.አ. በ1973 ባወጣችው ጥናት፣ በጣም ትንንሽ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ልጆች የቦታ ቃላትን ፍች ከማወቃቸው በፊት መያዣ የሆነ ዕቃ ካለ መክተትን፣ ከሌለ ደግሞ ላዩ ማስቀመጥን እንደሚመርጡ አሳይታለች። ሁለተኛ ቋንቋ በሚጀምር ልጅ ላይ ተመሳሳይ ነገር ቢታይ አያስደንቅም።

ስለ ቅደም ተከተሉ ደግሞ ጁዲት ጆንስተንና ዳን ስሎቢን እ.ኤ.አ. በ1979 ያሳተሙት ጥናት ይረዳናል። እንግሊዝኛ፣ ጣሊያንኛ፣ ሰርቦ ክሮሽያንኛና ቱርክኛ የሚናገሩ ልጆችን ሲያነጻጽሩ፣ በአራቱም ቋንቋዎች «ውስጥ»፣ «ላይ»፣ «ሥር» እና «አጠገብ» ቀድመው ይመጣሉ፤ «መካከል» ይከተላል፤ «ፊት» እና «ኋላ» ደግሞ የራሱ ፊት ላለው ዕቃ ቀድመው፣ ፊት ለሌለው ዕቃ ግን መጨረሻ ላይ ይለመዳሉ። ወንበር ፊት አለው፤ ምሰሶ የለውም። ከምሰሶው ወዲህና ወዲያ የቆሙ ሁለት ልጆች «ኳሱ ከምሰሶው ኋላ ነው» ሲሉ የተለያየ ቦታ ማለታቸው ሊሆን ይችላል፤ ሁለቱም አልተሳሳቱም። እንዲህ ያለው ልምምድ ወደ ሦስተኛ ክፍል ቢገፋ ይሻላል።

አሁን ወደ አማርኛችን ልመለስ። ስሎቢን ልጆች ለቃላት መጨረሻ የተለየ ትኩረት እንደሚሰጡ ጽፏል። ለዚህ ካቀረባቸው ማስረጃዎች አንዱ ሀንጋሪኛና ሰርቦ ክሮሽያንኛን በእኩል የሚናገሩ ልጆች ናቸው፤ ቦታን በስም መጨረሻ በሚያመለክተው በሀንጋሪኛ ቀድመው ሲናገሩ፣ መስተዋድድን ከስም በፊት በሚያስቀድመው ቋንቋቸው ዘግይተዋል። አማርኛ ሁለቱንም ይዟል። «በሳጥኑ ውስጥ» ስንል ከፊት «በ»፣ ከኋላ «ውስጥ» አለ፤ «ሳጥኑ ውስጥ» ብንል እንኳ ሐሳቡ አይጎድልም። የቦታውን ፍች የተሸከመው ከኋላ የሚመጣው ቃል ነው። በሰሌዳ ላይ የሚጻፈው የተለመደው ዝርዝር ግን እነዚህን ጨርሶ ይተዋቸዋል። በሰዋስው ከስም ይመደቡ ወይስ ከመስተዋድድ የሚለው ክርክር ለሰባት ዓመት ልጅ የሚፈይደው የለም፤ ከእነርሱ እንጀምር።

ቋንቋችን ራሱ መንገዱን ያሳያል። «ፊት» የልጁ ፊት ነው፤ «ጎን» የገዛ ጎኑ ነው፤ «ሥር» የዛፍ ሥር ነው፤ «ራስጌ» እና «ግርጌ» ከራስና ከእግር የተነሡ ናቸው። ልጁ መጀመሪያ ፊቱን፣ ጎኑን፣ ራሱን፣ እግሩን ነክቶ፣ ቀጥሎ የወንበሩን ፊትና ጎን፣ የአልጋውን ራስጌና ግርጌ ቢያሳይ ቃሉ ከአካሉ ወደ ዕቃው ይሻገራል።

የሦስተኛ ክፍል መምህር፦

እኔ የማነሣው ሁለት ነገር ነው። የመጀመሪያው ቀደም ሲል ስለ «ከ» የተነገረውን ያጠናክራል። መጽሐፎቻችን «ከ» መነሻን ያመለክታል ይላሉ። ታዲያ «ኳሱን ከጠረጴዛው ሥር አውጣ» እና «ኳሱን ከጠረጴዛው ሥር አስቀምጥ» የሚሉትን ምን እናድርጋቸው? ሐረጉ አንድ ነው፤ መነሻና መድረሻን የለየው ግሱ ነው። ስለዚህ መስተዋድድ ለብቻው ተነጥሎ ሳይሆን ሁልጊዜ ከግስ ጋር፣ በሙሉ ዐረፍተ ነገር ውስጥ ይሰጥ። የቦታውን «ከወንበሩ ኋላ» ከጊዜው «ከጨዋታው በኋላ» መለየትም እንዲሁ በዐረፍተ ነገር እንጂ በትርጓሜ አይገባቸውም።

ሁለተኛው ጽሑፍን ይመለከታል፤ ቆም ብለን ብናስብበት ደስ ይለኛል። ልጆች «የልጁ ደብተር» የሚለውን ያውቃሉ። «በ» ሲጨመርበት «የ» ወድቆ «በልጁ ደብተር» መሆን አለበት። በንግግር ማንም አይሳሳተውም፤ በጽሑፍ ግን ሕጉን «በ» መጨመር ብቻ አድርገው ስለሚረዱት «በየልጁ ደብተር» ብለው ይጽፋሉ። ይህ የፊደል ስሕተት ብቻ ሆኖ አይቀርም፤ «በየልጁ ደብተር» ራሱን የቻለ ሌላ ትርጉም አለውና የእያንዳንዱን ልጅ ደብተር ማለት ይሆናል። አንድ ተማሪዬ «በየልጁ ደብተር ሥዕል አለ» ብሎ ጽፎ ሳለ ስሕተት ብዬ ከማስመር ይልቅ ጮክ ብሎ እንዲያነበውና የስንት ልጅ ደብተር እንደሚታየው እንዲነግረኝ ጠየቅሁት። አነበበ፤ ዝም አለ፤ ክፍሉን በዓይኑ ዞር ዞር ብሎ ቃኘና «የሁላችንም ሆነ» አለኝ። ከዚያ ራሱ አረመው። ጮክ ብሎ ማንበብ በረቂቁ ውስጥ የማረሚያ ዘዴ ሆኖ ይግባ።

ቅጽል ሲኖርም መስተዋድዱ ከስሙ ርቆ በቅጽሉ ላይ እንደሚያርፍ፣ ማለትም «ከትልቁ ሳጥን» እንጂ «ትልቁ ከሳጥን» እንደማይባል አብሮ ይታይ፤ ለዚህ ግን አንድ ክፍለ ጊዜ ይበቃል።

የልዩ ፍላጎት ትምህርት ባለሙያ፦

ረቂቁ ከዕቃ በቀጥታ ወደ ሥዕል መሻገሩ ማየት ለተሳነው ልጅ በሩን ይዘጋበታል። በሥዕሉ ደረጃ ተለጣፊ ቅርጾች ያሉት ወፍራም ሰሌዳ በአማራጭነት ይቀመጥ። መስማት ለተሳነው ልጅ ደግሞ የምልክት ቋንቋ ቦታን በእጆች አቀማመጥ ስለሚያሳይ ጥንካሬው ከዚያ ይጀምራል፤ ለእርሱ የሚከብደው «በ»ን እና «ከ»ን በጽሑፍ መለየት ነውና ሰፊው ጊዜ ለዚያ ይሰጠው። ቀኝና ግራን በሚመለከት፣ ብዙ ልጆች የራሳቸውን በስድስት ዓመት አካባቢ ቢለዩም ፊት ለፊታቸው የቆመውን ሰው ቀኝና ግራ ለመለየት እስከ ስምንት ዓመት አካባቢ እንደሚወስድባቸው ይታወስ፤ መምህሩ ፊት ለፊት ቆሞ ቀኙን ባያሳያቸው፣ ይልቁንም ጀርባውን ሰጥቷቸው ከእነርሱ ጋር አንድ አቅጣጫ ቢያይ መልካም ነው።

የእንግሊዝኛ ቋንቋ መምህርት፦

ሁለቱ ቋንቋዎች በአንድ ሳምንት አንድ ርእስ እንዳይሰጡ እለምናለሁ። እኛ «በመስከረም ወር»፣ «በሰኞ ዕለት»፣ «በሁለት ሰዓት» ስንል አንዱ «በ» ሦስቱንም ይሸፍናል፤ እንግሊዝኛ ግን ለወሩ «ኢን»፣ ለዕለቱ «ኦን»፣ ለሰዓቱ «አት» ይላል። «በ» ማለት «ኢን» ነው ተብሎ የተማረ ልጅ ያንን ነቅሎ ለመጣል ዓመታት ይፈጅበታል። ቋንቋዎች ቦታን የሚከፋፍሉት በየራሳቸው መንገድ ነው፤ ሱንጃ ቾይና ሜሊሳ ባወርማን እ.ኤ.አ. በ1991 እንዳሳዩት ኮሪያኛ የሚማሩ ሕፃናት ገና ከጠዋቱ «ውስጥ» እና «ላይ» ብለው ሳይሆን ዕቃው ግጥም ብሎ ገባ ወይስ ላላ ብሎ ብለው ይለያሉ። የአማርኛው ቀድሞ ይርጋ፤ የእንግሊዝኛው በቃል ትርጉም ሳይሆን በዚያው በካርቶኑ ልምምድ፣ ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ይምጣ።

በጡረታ ላይ ያሉ የአማርኛ መምህር፦

ልጆቼ፣ የጻፋችሁትን ሁሉ በደስታ አነበብሁ። አንድ ነገር ብቻ ያሳስበኛል፤ «መስተዋድድ» የሚለውን ስያሜ ከሦስቱም ክፍሎች የማውጣት ዝንባሌ ይታየኛል። ሸምድዶ መድገሙን እኔም እጠላዋለሁ። ቃሉ ግን ለልጅ የማይገባ አይደለም። ማዋደድ ሁለት ነገሮችን አገጣጥሞ ማስማማት ነው፤ ሁለት እንጨት የሚያዋድድ ሰው ያየ ልጅ ቃልን ከቃል የሚያዋድድ ነገር አለ ቢባል ይገባዋል። በአንደኛና በሁለተኛ ክፍል ስያሜው ይቅር። በሦስተኛ ክፍል መጨረሻ ግን፣ ነገሩን በእጁ ካደረገውና በጽሑፍ ከተጠቀመበት በኋላ፣ ስሙ ይነገረው።

የውይይቱ አስተባባሪ፦

መምህራችን ያቀረቡት ሐሳብ ያስማማናል ብዬ አምናለሁ፤ በግል የጻፋችሁልኝም ደግፋችሁታል። የተስተካከለው የረቂቁ ፍሬ ነገር እንዲህ ይነበባል፦

«በአንደኛ ክፍል ልጆች ውስጥ፣ ላይ፣ ሥር እና አጠገብ የሚሉትን ከአካላቸው ተነሥተው በዕቃ ይለማመዳሉ፤ እያንዳንዱም ተግባር ከአንድ በላይ ቦታ የሚቻልበት ይሆናል። በሁለተኛ ክፍል መካከል የሚለውና የራሳቸው ፊት ያላቸው ዕቃዎች ፊትና ኋላ ይጨመራሉ፤ በ፣ ከ፣ ወደ እና እስከ ደግሞ ከእንቅስቃሴ ግሶች ጋር በሥዕል ወይም በሚዳሰስ ሰሌዳ ይሰጣሉ። በሦስተኛ ክፍል ፊት የሌላቸው ዕቃዎች፣ የጊዜ አጠቃቀም፣ የ«የ» መውደቅና ስያሜው ይከተላሉ። ማረሚያው ጮክ ብሎ በማንበብ ይሆናል። የእንግሊዝኛው ትምህርት የአማርኛው ከተለመደ በኋላ ይሰጣል። በምዘና ከአንድ በላይ ትክክለኛ መልስ ያለው ባዶ ቦታ አይቀርብም፤ ከቀረበም ትክክል የሆነው ሁሉ ነጥብ ያገኛል።»

ለምዘናው ምሳሌ እንዲሆን በመጀመሪያው ጥያቄ ፋንታ «ልጁ ደብተሩን ____ ቦርሳው ውስጥ አወጣ» የሚለውን አስገብቻለሁ፤ «አወጣ» የሚለው ግስ ከ«ከ» በስተቀር ሌላ አያስገባም።

የሦስተኛ ክፍል መምህር፦

ምሳሌው ጥሩ ነው። አንድ ማስተካከያ ብቻ፦ «ከ» ከስሙ ጋር ተያይዞ ስለሚጻፍ ባዶ ቦታውም ክፍተት ሳይተው «____ቦርሳው» ተብሎ ከስሙ ጋር ተጣብቆ ይታተም። አለዚያ ልጆቹ «ከ ቦርሳው» ብለው ለያይተው መጻፍን ከራሳችን ወረቀት ይማራሉ።