ወንድሜ ጠጥቶ ሲነዳ ተይዟል፤ ምን ላድርግ?

እባካችሁ እርዱኝ፣ በጣም ጨንቆኛል። የምንኖረው ቨርጂኒያ፣ አሌክሳንድሪያ ነው። ታናሽ ወንድሜ ቅዳሜ ሌሊት ከሠርግ ሲመለስ ፖሊስ አስቆመው። በትንፋሹ የአልኮል መጠኑ ሲለካ 0.22 ወጣ። የሕጉ ወሰን 0.08 ነው።

የመጀመሪያው ስለሆነ በገንዘብ ቅጣት የሚያልፍ መስሎኝ ነበር። ለካ እዚህ 0.15 ከደረሰ ቢያንስ 5 ቀን፣ ከ0.20 ካለፈ ደግሞ ቢያንስ 10 ቀን እስር ግዴታ ነው። መንጃ ፈቃዱም ለ1 ዓመት ይታገዳል። እሱ የሚተዳደረው ታክሲ በመንዳት ነው፤ ሁለት ልጆች አሉት።

ጥፋቱን አላስተባብልም። ሰው ገጭቶ ቢሆንስ እያልኩ እንቅልፍ አጥቻለሁ። ግን ለቀጠሮው ሦስት ሳምንት ብቻ ነው የቀረው። በዚህ ያለፋችሁ ንገሩኝ፦ ጠበቃ ልኬቱን መከራከር ይችላል? እስሩን ቅዳሜና እሁድ እየገባ መጨረስስ ይፈቀድለታል? ግሪን ካርዱንስ ይነካበታል?