ዕዳዬ ከአቅሜ በላይ ሆኗል፤ ከየት ልጀምር?

መላ ያጣሁ፦

ይህን ጥያቄ ለመጻፍ ሦስት ጊዜ ጀምሬ ትቼዋለሁ። ደመወዝተኛ ስለሆንሁ ገቢዬ በየወሩ የታወቀ ነው፤ ዕዳዬ ግን ባለፉት ሦስት ዓመታት ቀስ በቀስ አድጎ በግምት የወር ገቢዬን 14 እጥፍ ሆኗል። በግምት የምለው አንድም ቀን ቁጭ ብዬ ስላልደመርሁት ነው። አንደኛው መኪናዬን በመያዣ ሰጥቼ ከባንክ የወሰድሁት ብድር ነው። ሁለተኛው የእህቴ ባል ዋስ የሆነልኝ ነው። በስልክ የሚወሰዱና በአንድ ወር ውስጥ የሚመለሱ ሁለት አነስተኛ ብድሮችም አሉብኝ፤ እነዚህን አንዱን በሌላው እየከፈልሁ ወራት አስቆጥሬያለሁ። በመጨረሻም ከአንድ የሥራ ባልደረባዬ ያለ ወለድ የተበደርሁት ገንዘብ አለ። እሱ ጠይቆኝ አያውቅም፤ እኔ ግን እንዳልገጥመው መንገድ መቀየር ጀምሬያለሁ።

የስልክ ብድር ሰዎች በቀን ሁለትና ሦስት ጊዜ ስለሚደውሉ ደመወዝ ሲገባ አስቀድሜ የምከፍለው ለእነሱ ነው። ባንኩ ደብዳቤ ብቻ ስለሚልክ የእሱን ክፍያ ሁለት ወር ዘልያለሁ፤ የመጨረሻዎቹን ሁለት ደብዳቤዎችም አልከፈትኋቸውም። አንድ ወዳጄ ሁሉንም የሚጠቀልል አንድ ትልቅ ብድር እንድወስድ ይመክረኛል። ባለቤቴ የዕዳውን ግማሽ እንኳ አታውቅም። የመጀመሪያው እርምጃ ምን መሆን አለበት?

የሒሳብ ሠራተኛ፦

ዛሬ ማታ፣ ሌላ ምንም ከማድረግዎ በፊት፣ እነዚያን ሁለት ደብዳቤዎች ይክፈቱ። ማስጠንቀቂያ ብዙ ጊዜ የጊዜ ገደብ ይዞ ይመጣል፤ ፖስታው ስለታሸገ ቀኑ መቆጠሩን አይተውም። ከዚያ አንድ ወረቀት ወስደው ለእያንዳንዱ ዕዳ ለማን እንደሆነ፣ ዛሬ የቀረው ዋና ገንዘብ ስንት እንደሆነ፣ ወለዱና የመዘግየት ቅጣቱ ምን ያህል እንደሆነ፣ በየወሩ በስንተኛው ቀን ስንት እንደሚከፈል ይጻፉ። የማያውቁትን ከውሉ ላይ ይፈልጉት ወይም አበዳሪውን ይጠይቁ፤ በግምት የተሞላ ወረቀት ከባዶ ወረቀት ብዙም አይሻልም።

በዳር በኩል ሰዎች የሚዘነጉትን አንድ ዓምድ ይጨምሩ፤ «ይህን ባልከፍል ምን ይደርስብኛል?» የሚል። እስካሁን ሲከፍሉ የኖሩት በጩኸት ቅደም ተከተል ነው። የስልኮቹ ሰዎች የሚደውሉት ከመደወል ሌላ በእጃቸው ብዙ ነገር ስለሌለ ነው፤ ባንኩ ዝም የሚለው ደግሞ መኪናዎ መያዣ ስለሆነለት ነው። ዋስ ያለበትም ብድር እንዲሁ ድምፅ የለውም፤ ድምፁ የሚሰማው እህትዎ ቤት ነው። ይህን ስል የስልኩን ዕዳ ይተዉት ማለቴ አይደለም፤ መያዣና ዋስ ያለባቸው ግን ከሰልፉ ኋላ መቆም የለባቸውም።

ከሁሉም በፊት ለመኖሪያ፣ ለምግብ፣ ለመብራትና ለውኃ፣ ሥራ ለመድረስ የሚያስፈልገውን ከገቢዎ ላይ ይቀንሱ። ለዕዳ የሚከፋፈለው ቀሪው ነው። ሰው ዕዳውን ከፍሎ በተረፈው ልኑር ካለ በወሩ ሁለተኛ ሳምንት ተመልሶ ይበደራል፤ ይህን ስሕተት እኔ ራሴ፣ ሥራዬ ሒሳብ ሆኖ ሳለ፣ ለአንድ ዓመት ያህል ሠርቼዋለሁ።

ቁጥር ወዳድ፦

ስለ ወዳጅዎ ምክር ጥቂት ስሌት ልጨምር። 100,000 ዕዳ በዓመት 24 በመቶ ወለድ ቢታሰብበት የወሩ ወለድ 2,000 ነው። በወር 2,000 ብቻ የሚከፍል ሰው ዕድሜ ልኩን ቢከፍል ዋናው ገንዘብ አይነቃነቅም። 2,500 የሚከፍል ከሆነ ለመጨረስ 82 ወር ገደማ ይፈጅበታል፤ በጠቅላላውም 203,000 ያህል ይከፍላል። 3,500 ቢከፍል ግን በ43 ወር ይገላገላል፤ ጠቅላላ ክፍያውም 150,000 አይሞላም። በወር የተጨመረችው 1,000 ዘመኑን በግማሽ ያህል ታሳጥረዋለች። ከዚህ ሁሉ የከፋው ምንም አለመክፈል ነው፤ ያልተከፈለው ወለድ በየወሩ ዋናው ላይ የሚደመር ከሆነ ዕዳው በ3 ዓመት ውስጥ እጥፍ ይሆናል።

አሁን መጠቅለያ ብድሩን እንይ። ወለዱ ወደ 18 በመቶ ዝቅ ብሎ የመክፈያው ጊዜ 7 ዓመት ቢሆን የወሩ ክፍያ ወደ 2,100 ይወርዳል። ለጆሮ ደስ ይላል። ጠቅላላ የሚከፈለው ግን 176,500 ገደማ ስለሚሆን በ24 በመቶ በ43 ወር ከጨረሰው ሰው ይበልጣል። ስለዚህ አበዳሪው የወሩን ክፍያ ሲነግርዎ እስከ መጨረሻው ቀን በድምሩ የሚከፍሉትን ይጠይቁት፤ የአገልግሎት ክፍያና መድን ካለም ተደምሮ ይነገርዎ። ያለ መያዣ የነበረ ዕዳ በአዲሱ ውል በመያዣ የሚታሰር ከሆነ ደግሞ እኔ ብሆን አልፈርምም።

የስልኩ ብድር ላይ የሚያታልለው የጊዜው ማጠር ነው። ለአንድ ወር 10 በመቶ ቀላል ይመስላል፤ እየከፈሉ መልሰው ሲወስዱት ግን በዓመት ውስጥ ለ100 ዕዳ 120 ከፍለው 100ው እንደቆመ ያገኙታል። መጠቅለያ ብድሩ የሚጠቅመው ይህ በር ከተዘጋ ብቻ ነው፤ ካልተዘጋ በአዲሱ ብድር ላይ አሮጌው ተመልሶ ይመጣል።

ከዚያ መንገድ የመጣሁ፦

እኔ ስሌትን ብቻ ከሚከተሉ ሰዎች በአንድ ነገር እለያለሁ። በስሌት ከተሄደ ትርፉን ገንዘብ ወለዱ ከፍተኛ ወደሆነው ዕዳ ማዋል ትክክል ነው። እኔ ግን ስድስት ዕዳ በነበረብኝ ጊዜ ከመጠኑ ትንሹን አስቀድሜ ጨረስኩ፤ ያን ቀን ስሙን ከወረቀቱ ላይ ስሰርዝ የተሰማኝ እፎይታ ቀጣዮቹን ሁለት ዓመታት አሻግሮኛል። በወለድ በኩል ጥቂት ከስሬበታለሁ፤ አይቆጨኝም። በእርስዎ ጉዳይ ግን ክርክሩ አያስፈልግም፤ የስልኩ ብድሮች በመጠን ትንሾቹም በወለድ ውዶቹም እነሱ ስለሆኑ፣ የባንኩና የዋሱ መደበኛ ክፍያ እንዳይቋረጥ ካደረጉ በኋላ የሚተርፈው ሁሉ ወደ እነሱ ይሂድ።

ባልደረባዎን ነገ ያነጋግሩት። «ረስቼው አይደለም፤ በየወሩ ይህን ያህል እሰጥሃለሁ፤ የምጀምረው በዚህ ቀን ነው» ማለት ብቻ ይበቃል፤ መጠኑ ያነሰ ቢሆንም ቀኑ አይዛነፍ። የእህትዎ ባልም ነገሩን ከአበዳሪው ሳይሆን ከእርስዎ ይስማው። ባለቤትዎን በተመለከተ ወረቀቱ ተሞልቶ ሲያልቅ አብራችሁ ተመልከቱት፤ ለግማሽ እውነት ሁለት ጊዜ ይቅርታ መጠየቅ ከባድ ነው።

የቀድሞ የብድር ሠራተኛ፦

ለብዙ ዓመታት ጠረጴዛው ወዲያ ማዶ ተቀምጬ ብድር ስከታተል ስለነበር ከዚያ በኩል የሚታየውን ልንገርዎ። ክፍያ ሳይቋረጥ ወይም እንደተቋረጠ ራሱ የሚመጣ ተበዳሪና ስልኩን አጥፍቶ የሚጠፋ ተበዳሪ በአንድ ዓይን አይታዩም። መያዣ ይዞ መሸጥ ለአበዳሪውም ጊዜና ወጪ የሚጠይቅ ስለሆነ፣ የክፍያ ጊዜን ማራዘም፣ ለጥቂት ወራት የእፎይታ ጊዜ መስጠት ወይም ቅጣትን ማንሳት ብዙ ጊዜ በውይይት የሚገኝ ነገር ነው። የሚገኘው ግን ለጠየቀ ነው።

ሲሄዱ ገቢዎንና የግድ ወጪዎን የሚያሳይ አንድ ገጽ ይዘው ይሂዱ፤ ችግሩን በዝርዝር መተረክ ብዙም አያስፈልግም። በወር መክፈል የሚችሉትን ቁጥር ራሱ እርስዎ ያቅርቡ፤ እንዲያውም ከሚችሉት በጥቂቱ ዝቅ አድርገው ይጀምሩ፤ ምክንያቱም በአዲሱ ስምምነት የመጀመሪያውን ክፍያ ማሳለፍ ሁለተኛ ዕድል እንዳያገኙ ሊያደርግዎ ይችላል። በፋይሎቹ ውስጥ ብዙ ጊዜ ያየሁት ስሕተት ከሐፍረት የተነሣ የማይቻል ቃል መግባት ነው። የእፎይታ ጊዜ ከተሰጠዎት በዚያ ጊዜ ውስጥ ወለዱ መቆጠሩን ወይም አለመቆጠሩን ይጠይቁ። በቃል የተባለው ሁሉ በጽሑፍ ይሁን፤ የከፈሉበትን ደረሰኝም አይጣሉ።

ከዋሱ ጋር የተያያዘውን ውል ደግሞ በጥንቃቄ ያንብቡ። በአንዳንድ ውሎች አበዳሪው አስቀድሞ ተበዳሪውን መጠየቅ ግዴታው ሲሆን፣ በሌሎቹ ግን በቀጥታ ወደ ዋሱ መሄድ ይችላል፤ ልዩነቱ ለእህትዎ ቤተሰብ ቀላል አይደለም። ለብዙ ዓመታት ያልተጠየቀ አሮጌ ዕዳ ያለባችሁ ሌሎች አንባቢዎችም፣ ጥቂት እንኳ ከመክፈላችሁ ወይም አምናለሁ ብላችሁ ከመፈረማችሁ በፊት ስለ ይርጋ፣ ማለትም አበዳሪው ዕዳውን በሕግ ሊጠይቅ ስለሚችልበት የጊዜ ገደብ፣ የሕግ ባለሙያ ጠይቁ፤ በብዙ አገሮች ሕግ እንዲህ ያለው ድርጊት የይርጋውን ጊዜ እንደገና ያስጀምረዋል። «ዕዳህን እናሰርዛለን፤ አስቀድመህ ክፈል» ለሚል ሰው ግን በሩን ዝጉ። ተስፋ የቆረጠ ባለዕዳን እያደኑ የሚኖሩ እንዲህ ያሉ ሰዎች ብዙ ናቸው።

መላ ያጣሁ፦

ከአሥር ቀን በኋላ ተመልሻለሁ። ደብዳቤዎቹን ከፈትሁ፤ በሁለተኛው ላይ የተሰጠው ገደብ ሊያልቅ 6 ቀን ነበር የቀረው። ድምሩ የወር ገቢዬ 14 ሳይሆን 17 እጥፍ ሆነ፤ ልዩነቱ ያልቆጠርሁት ቅጣት ነው። የሚገርመው ቁጥሩ ከጠበቅሁት በላይ ሆኖ ሳለ ያን ሌሊት ተኛሁ። ባለቤቴ ወረቀቱን አንብባ ለረጅም ጊዜ ዝም አለች፤ ከዚያ ብዕሩን ከእጄ ወስዳ ሁለት የወጪ መስመር ሰረዘች። ባንኩ ያለፉትን ሁለት ክፍያዎች በ8 ወር ከፋፍሎ ሊቀበለኝ ተስማምቷል፤ ደብዳቤውን እየጠበቅሁ ነው። አንድ ጥያቄ ቀርቶኛል፦ የስልኩን ጥሪ ላንሳ ወይስ አላንሳ?

የቀድሞ የብድር ሠራተኛ፦

አንድ ጊዜ አንስተው የሚከፍሉበትን ቀንና መጠን ይንገሯቸው፤ ያንኑም ወዲያው በጽሑፍ መልእክት ይላኩላቸው። ከዚያ በኋላ እስከዚያ ቀን ድረስ በየጥሪው ተመሳሳይ መልስ መስጠት አይጠበቅብዎትም። ቢሰድቡዎት ወይም ለዘመዶችዎ እንደውላለን ቢሉ ቀኑንና ሰዓቱን መዝግበው መልእክቱን ያስቀምጡ፤ አቤቱታ ማቅረብ ካስፈለገ የሚጠየቁት እሱን ነው። የባንኩ ደብዳቤ ሲደርስዎ ደግሞ ከመፈረምዎ በፊት ቅጣቱ መቆሙ በግልጽ መጻፉን ይመልከቱ።